ለተጠባባቂው የተሰጠ ምርቃት

ማህደር በስልክ፣ «ካላቀረቡት እኔው እጄን አወጣለሁ» ስትል፣ እናቷ የሺሃረግ ከኮምፔርሳቶው ወዲህ ጎደሬ እየላጠች ነበር። ቢላዋዋ ልጣጩ ላይ ቆመች። ሳሎኑን ለሁለት የከፈለው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ስስ ነው፤ የማህደር ባል ጌታሁን ለልጃቸው ለዮሃና መኝታ ይሁን ብሎ አቁሞት ሲያበቃ፣ ቀለም ሳይቀባው ቡና ጭኖ መንገድ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ እንጂ ቤት አያውቅም። ከወዲያ ያለ ሰው ቢያዛጋ ከወዲህ ይሰማል። ዮሃና ከወዲያ ስታስል አያቷ ከወዲህ ደረቷን ትይዛለች።

«አይ፣ የዛሬው የምክር ቤት አጀንዳ ውስጥ የለም» አለች ማህደር። «የቡናው ሪፖርት አለ፣ የማዳበሪያው አለ። በልዩ ልዩ ላይ እነሳለሁ። አንድ ሰው መጠየቅ አለበት።»

ምን ሊጠየቅ እንደሆነ የሺሃረግ አልጠፋትም። ከአማን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው፣ መኪና ለምሳ በማይቆምባት በዚህች ከተማ ያን የማያውቅ የለም። ዓባይነህ የወረዳው የሚሊሻና ፀጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሆነው በመስከረም ነው፤ አሁን ኅዳር እያለቀ ነው። ደንቡ አስተዳዳሪው ዕጩውን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፣ አባላቱ ይጠይቁታል፣ እጅ ይወጣል፣ ሰውየውም ቆሞ ይምላል የሚል ነው። ሌሎቹ ኃላፊዎች፣ የከብት ሕክምናው ሳይቀር፣ የገቡት በዚያ በር ነው። ዓባይነህ ግን የፒክአፑን ቁልፍ፣ ሽጉጡንና ቢሮውን በአንድ ሰኞ ተረከበ። ለምን አልቀረበም ሲባል፣ «ተጠባባቂ ነዋ፤ ተጠባባቂ አይጸድቅም» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ምክር ቤቱ አንዴ ተቀምጦ፣ ስለ ማዳበሪያ ተነጋግሮ፣ ሻይና ዳቦ ቀምሶ ተበተነ። ያልቀረበበትን ምክንያት ደግሞ ገበያ ላይ ኮረሪማ የምትሸጥ ሴት ሳትቀር ታውቀዋለች። ቢያቀርቡት አንድ ሰው ስለ ቤኪ ይጠይቀዋል።

ቤኪ የጎረቤታቸው የትርፌ ልጅ ነበር። አምና፣ ዓባይነህ ከጫካው ዳር ባለው ቀበሌ የሚሊሻ አዛዥ ሳለ፣ ወንድሙን ሊድር የኬላውን ብቸኛ መኪናና አራት ታጣቂዎች ለአጀብ ይዞ ሄደ። ኬላው ላይ ቤኪና አንድ ጓደኛው በአንድ ጠመንጃ ቀሩ። ሲመሻሽ ከጫካው ሰዎች ወጡ። ጓደኛው ሮጦ አመለጠ፤ ቤኪ አላመለጠም። አስከሬኑን ያመጣችው መኪና ኮፈኗ ላይ የሰርጉ ሪባን አልተፈታም ነበር። በቀብሩ ላይ «በግዳጅ ላይ ተሰዋ» የሚል ንግግር ተነበበ፤ መኪናዋ የት ነበረች ያለ ግን አልተገኘም። ሰው ሁሉ ሪባኑን አይቷል፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሏል። የሺሃረግም ዝም ካሉት አንዷ ናት። የወጣ እጅ ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለቻ። ታላቅ ወንድሟ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ነገ ቢሮ ና፣ እናስረዳሃለን» አሉት፤ ይኸው እስከ ዛሬ እያስረዱት ነው።

ማህደር ከወዲያ ስትወጣ ግራጫውን ኮቷን ለብሳለች፤ ለሰርግና ለምርጫ ቀን የምታወጣውን።

«ዛሬ አታስተምሪም እንዴ?» አለቻት እናቷ።

«አስፈቅጃለሁ። ከሰዓት ስብሰባ አለ ብዬሽ የለ? ጠዋቱን አባላቱን አንድ በአንድ ላናግር።»

«ትናንት ራሴን እያልሽ አልነበር?»

«ተሻለኝ።»

«ተሻለኝ ብለሽ ነው እንግዲህ በዚህ ዝናብ…»

«እማዬ፣ ሰምተሽኛል አይደል?»

«ምኑን? እኔ ምን ጆሮ አለኝና» አለች የሺሃረግ፣ የላጠችውን ጎደሬ ውኃ ውስጥ እየከተተች።

በሁለቱ መካከል ያለው ዝምታ የተለመደ የቤት ዕቃ ነው፤ እንደ ቁምሳጥኑ ዞረውት ያልፋሉ። ማህደር አርባ ሊሞላት ነው፤ የወረዳው ምክር ቤት አባል ናት፣ ሦስት ምርጫ አይታለች፤ የክፍሏን ስድሳ ልጅ በአንድ ዓይን ጸጥ ታሰኛለች። እናቷ ግን አሁንም ስትወጣ አንገቷ እንዳይበርዳት፣ ስትገባ እግሯ እንዳይርሳት፣ በመሃል ደግሞ አፏ እንዳያመልጣት ትሰጋላታለች። «ተይ» ማለት ፈልጋ ነበር። «ዮሃናን አስቢ» ማለት ፈልጋ ነበር። ማህደር ግን እንደ ሁልጊዜው በሩ ጋ ስትደርስ ዝቅ ብላ አናቷን ሰጠቻት። «በይ መርቂኝ፣ ልሂድ።»

የጎደሬ ውኃ የነካው እጅ ያሳክካል፤ ስለዚህ የሺሃረግ በእጇ ጀርባ የልጇን ፀጉር ነካ አደረገች። «ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽ ይከተል። የያዝሽው ይለምልም። ክፉ ዓይን አያግኝሽ። በእግርሽ ሄደሽ በእግርሽ ተመለሺ።» እንትፍ፣ እንትፍ። የመጨረሻዋ ቃል የራሷ ናት፤ ከማንም አልወረሰቻትም። ወንድሟ ከቀረ ወዲህ ነው ከምርቃቷ ጫፍ ላይ የቀጠለቻት፤ የሰፈሩም ልጅ ሁሉ፣ ለፈተና የሚሄደውም፣ ለሥራ የሚሄደውም፣ በእማማ የሺ በር ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ተቀብሏት ይሄዳል።

ማህደር ከወጣች ብዙም ሳይቆይ ትርፌ በጓሮ በኩል መጣች። ቤኪ ከሞተ ወዲህ ከጥቁር አልወጣችም፤ ጥቁሩም ታጥቦ ታጥቦ ወደ ቡኒ ሄዷል። በሩ ላይ ቆማ ጭቃዋን ከድንጋዩ ጋር ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች።

«እማማ፣ ነጠላ ያውሱኛል? ነጭ።»

«የምን ነጠላ ነው?»

«ማህደር አዳራሹ ውስጥ በጎን ወንበር እንድቀመጥ አስፈቅዳልኛለች። ጥቁር ለብሼ ብገባ ልታሳጣን መጣች ይሉኛል። እንደ ሰው ልግባ ብዬ ነው።»

«ልትናገሪ ነው?»

«ምን ብዬ። አማርኛዬ ሰው ፊት ይጠፋብኛል። ማህደር ትጠይቀዋለች። እሱ ሲመልስ ልስማው እንጂ ሌላ አልፈልግም፤ መኪናዋ የት ነበረች፣ አለቀ።»

የሺሃረግ ከሳጥኑ ሥር ሁለቱን ነጠላዎቿን አወጣች። አንዱ ጫፉ አረንጓዴ ጥለት ያለበት፣ ለጥምቀት የምትለብሰው ነው። ሌላው ትከሻው ላይ የተጣፈ። ትርፌ የተጣፈውን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ፣ የሺሃረግ ደህናውን ሰጠቻት። ሴትየዋ ጥቁሯ ላይ ደርባው፣ የመስኮቱ መስታወት ላይ ራሷን አይታ ወጣች። ደረቷን ቀና አድርጋ ነበር። ያቺ ቀና ያለች ደረት የሺሃረግን ከማህደር ስልክ ይልቅ አስፈራቻት። ነገሩ የምር ነው ማለት ነው። ዛሬ ይጠየቃል፤ ነገ ደግሞ «ቢሮ ነይ» ይመጣል።

ጎደሬውን እሳት ላይ ሳትጥድ ተወችው። እጇን በሳሙና ታጠበች። ጌታሁን ከማሻ ካመጣው ነጭ ማር በብርጭቆ ማሰሮ ሞላች፣ በፌስታል ጠቀለለች። ዓባይነህ እንግዳ ሰው አይደለም። ከማህደር ጋር አንድ ክፍል ተምሯል፤ እናቱ ታማ በነበረችበት ዓመት ምሳውን እዚሁ ቤት ነው የበላው። ሄዳ ትለምነዋለች። ልጅ ናት፣ ስብሰባ ላይ የምትናገረውን አትያዝባት ትለዋለች። ጎንበስ ብሎ ያደገ ሰው እንዴት እምቢ ይላታል?

ዓባይነህ አሁን የት እንደሚኖር ስላላወቀች መንገድ ዳር ናስር ሱቅ ጎራ አለች። ናስር ባለሱቅ ነው፤ የምክር ቤት አባልም ነው። ክራቫቱን ከአሁኑ አስሮ፣ ለአንዲት ሴት ዘይት እየቀዳ ነበር።

«ስኳር ስንት ገባ?» አለችው፣ ዝም ብሎ መጠየቅ ነውር ስለመሰላት።

«መቶ ሠላሳ ነው። ለእርስዎ ግን መቶ ሠላሳ።»

«አሁንስ አንተም ተሾምክ። ዓባይነህ ቤቱ የት ነው?»

የናስር ማንቆርቆሪያ ቀና አለ። «ምን ሊያደርጉለት?»

«እንኳን ደስ አለህ ልለው።»

«ሦስት ወር ቆይተው?» አለና ናስር ማሩን አየ፣ ፊቷን አየ። «ዛሬ ቤቱ አያገኙትም። አዳራሹ ጓሮ ድንኳን ተጥሏል። አቀባበል ነው ይላሉ፤ ሽማግሌዎች ጋቢ ሊያለብሱት ነው። ለምን ዛሬ እንደሆነ እስኪ ራስዎን ይጠይቁ።»

የሺሃረግ ራሷን አልጠየቀችም። ሌላ ነገር ነበር ያሳሰባት። «አንተ ከሰዓት እጅህን ታወጣለህ?»

ናስር ወደ መደርደሪያው አሳያት፦ ሳሙና፣ ማካሮኒ፣ ባትሪ፣ የሕፃናት ጫማ። «እማማ፣ ሱቅ ያለው ሰው እጁ ከባድ ነው» አላት። «ማህደርንም ጠዋት እዚሁ ቆማ እንዲሁ አልኳት። ሳቀች፤ ግን ከልቧ አልሳቀችም።»

ልጇ ብቻዋን መሆኗን ያኔ አወቀች። ባጃጅ ውስጥ ስትገባ ማሩን በሁለት እጇ ታቅፋው ነበር። ቦታው ቅርብ ነው፣ ግን ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በየበሩ ላይ፣ በሽቦ አልጋ የተሰጣ ቀይ ቡና ላይ ሰዎች ላስቲክ እየጎተቱ ያለብሱታል፤ ዝናብ በኅዳር መምጣቱን እየረገሙ። ባለ ባጃጁ የሚሄዱበትን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «ወደ ተጠባባቂው? እኔም እኮ ተጠባባቂ ነኝ እናት። የባጃጁ ባለቤት ጅማ ነው። ግን እኔን ማን ጋቢ ያለብሰኛል?» ሃያ ብር የነበረው ሠላሳ ሆኗል አላት፤ ለምን ስትለው፣ ይህም ሳይጸድቅ የገባ ታሪፍ ነው አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅለት ነበር።

ድንኳኑ የለቅሶ ድንኳን ነው፤ የዕድሩ ስም ጎኑ ላይ ተጽፎበታል። የሺሃረግ ስሙን አነበበች፤ ይኸው ድንኳን አምና በትርፌ ደጅ ተተክሎ ነበር። አሁን ከውስጡ የፕላስቲክ ወንበር፣ ለስላሳ፣ በየጠረጴዛው ዳቦ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ «ሕዝባዊ የአቀባበል ሥነ ሥርዓት» የሚል ጨርቅ አለ። ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በተርታ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ ለምን እንደተጠሩ ያወቁ አይመስሉም፣ ዳቦውን ግን አውቀውታል። ፒክአፑ ከድንኳኑ አጠገብ ቆሟል፣ ታጥቦ ያበራል። የሺሃረግ ኮፈኑን ላለማየት ፊቷን አዞረች።

ለብቻው ላገኘው ብላ ከጥግ ቆመች። እሱ ግን ከሩቅ አያት። ጋቢው ትከሻው ላይ ተጥሎ፣ ሰዉን ከፍሎ መጣና ሁለት እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ወፍሯል። ድምፁ ግን ያው ነው፣ ምሳ እየጠበቀ በር ላይ ይቆም የነበረው ልጅ ድምፅ።

«እማማ የሺ! እርስዎም መጡልኝ?»

«ዓባይነህ፣ ልጄ፣ አንዲት ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት።»

«ይደርሳል። ልመናው ይደርሳል። መጀመሪያ ይመርቁኝ እንጂ። እነዚህ ሽማግሌዎች ሁሉ መረቁኝ፣ የእርስዎ ግን የእናት ነው።»

ይህን ከማለቱ ቆቡን አውልቆ፣ አንድ ጉልበቱን ጭቃው ላይ በተነጠፈው ሳር ላይ አደረገ። አንድ ሰው ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጋው። የኮሙኒኬሽን ሠራተኛው ስልኩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ቆመ። የሺሃረግ የሚታያት ግን ያ አናት ብቻ ነበር። መሃሉ ላይ ፀጉር የማያበቅል ቦታ አለው፤ ከእሷ አቮካዶ ዛፍ ወድቆ ያተረፈው ጠባሳ ነው። በጨው ውኃ ያጠበችለት እሷ ናት። ሰው አናቱን ከሰጠ በኋላ በመራቂው ልጅ ላይ እጁን አያነሳም። እንዲህ ነው ያደገችው፣ እንዲህ ነው ያሳደገችው፤ ምርቃት የተቀበለ ከመራቂው ቤት ጋር ታስሯል። ልመና ሰው ሊረሳው ይችላል፣ ይህንን ግን አይረሳም። እንዲያውም ከልመናው ይህ ይሻላል አለች በሆዷ። ትርፌ ትዝ አለቻት፤ ነጩን ደርባ መስታወት ውስጥ ስታይ። ወዲያው ደግሞ ማህደር ትዝ አለቻትና ትርፌን ወደ ጎን አደረገቻት።

ማሩን ለአንዱ ሰጥታ ሁለት የታጠቡ እጆቿን አናቱ ላይ ጫነች።

«ከፊትህ ይቅደም፣ ከኋላህ ይከተል» አለች። ድምፅ ማጉያው ድምጿን ወስዶ እስከ መንገዱ አደረሰው፤ የራሷ ድምፅ መሆኑን ማመን አቅቷት ቆም አለች። «አሜን!» አለ ድንኳኑ። «የያዝከው ይለምልም።» «አሜን!» «ክፉ ዓይን አያግኝህ።» «አሜን!» «በእግርህ ሄደህ በእግርህ ተመለስ።» እንትፍ፣ እንትፍ። እልልታ ተነሳ። ዓባይነህ ሲነሳ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እንባው የውሸት አልነበረም፣ እሱ ነው የሚገርመው።

«ማህደርን…» አለችው ቶሎ ብላ፣ ሰው ሳይወስደው። «አፏ ነው እንጂ ሆዷ ባዶ ነው። ዛሬ የሆነ ነገር ብትል…»

«ማህደርማ እህቴ ናት!» አላትና ትከሻዋን አቀፋት። «ምን ትሆናለች ብለው ነው? ይልቅ ዳቦ ይብሉ። ኧረ ለእማማ ለስላሳ!»

ቀለላት። ወደ ቤት በእግሯ ተመለሰች፤ ጭቃውም ያን ያህል አልከበዳትም። ጎደሬዋን ጣደች፣ ከጓሮ ጎመን ቀነጠሰች። ዮሃና ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ ካልሲዋን አወለቀችላት፣ እግሯን በሞቀ ውኃ አጠበችላት፣ አበላቻት፣ አስተኛቻት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር በሩ ላይ ወንበሯን አውጥታ ተቀመጠች። ትጠይቅ አለች ለራሷ። አሁን ትጠይቅ። እሱም ይመልስላት፣ ትርፌም ትስማ፣ ማንም ማንንም ቢሮ አይጠራ። ሁሉንም አንድ ላይ ያስታረቀች መስሏት ነበር። ለማህደር እንዴት እንደምትነግራት እንኳ አዘጋጅታለች፤ ዛሬ አይደለም፣ ነገሩ ቀዝቅዞ፣ አንድ ቀን እየሳቁ።

ዝናቡ ሲያባራ ማህደር መጣች። ናስር ከኋላዋ ነበር፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ የሚይዝላት፣ ዝናብ እንደሌለ ያላስተዋለ። ማህደር ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች። እናቷን አላየቻትም፤ ላለማየት ብላ አይደለም፣ ሰው ደክሞት ግድግዳ እንደማያይ ነው ያላየቻት። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ገባች። አልጋው ሲሸከማት ተሰማ።

«ምን ሆነ?» አለች የሺሃረግ።

ናስር ጃንጥላውን አጠፈ። ከፈተ። አጠፈ። «ጠየቀች እማማ። በልዩ ልዩ ላይ ተነሳች፣ ለምን አልቀረበም አለች፣ ሕጉን በቁጥሩ ጠራች። ከዚያ ደግሞ፣ ቢቀርብ ኖሮ እኔ የምጠይቀው መኪናዋ በዚያን ቀን የት ነበረች ብዬ ነው አለች። የዝናቡ ድምፅ ብቻ። ሁለት ሦስት ሰው ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ አይቻለሁ፤ አንድ ሰው ቢጀምር ሊከተሉ ነበር መሰለኝ። እኔም እንጃ።»

«እሺ?»

«አፈ ጉባኤው አልተቆጣም። ሳቅ አለ። ምክር ቤቱ የሕዝብ ነው፣ ሕዝብ የመረቀውን እኛ ምን እንጨምርበታለን አለ። ለቡናው ሪፖርት የተዘጋጀ ፕሮጀክተር ነበር። በሱ አሳዩን።» ናስር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርስዎን ነው። ግድግዳውን ሞልተው፣ ከበሩ ይበልጣሉ። የነጠላዎ መጣፊያ ሳይቀር ይታያል። የጠያቂዋ እናት ራሳቸው መርቀው ሾመውታል፣ እንግዲህ መጀመሪያ ከቤት ተስማሙና ኑ አለ አፈ ጉባኤው። ሰው ሳቀ። ከዚያ ለእናታችን እናጨብጭብ አለ።»

«ትርፌስ?»

«እግርዎ ሥር ነበረች። ማለቴ፣ ሥዕሉ ከበላይዋ ነው የበራው። የእርስዎን ነጠላ ለብሳ።» ጃንጥላውን በበሩ ጎን አቆመው። «እኔም አጨበጨብኩ እማማ። ለዚያ እጄ ቀለለኝ።»

ይህን ብሎ ሄደ። የሺሃረግ ከወንበሯ ሳትነሳ ፊቷን ወደ ኮምፔርሳቶው አዞረች። ከወዲያ የሁለት ሰው ትንፋሽ ይሰማል፤ የዮሃና ፈጠን ያለው፣ የማህደር ረዘም ያለው። ልጇ ሁሉንም እንደሰማች ታውቃለች። በዚያ ግድግዳ የማይሰማ የለም።

«ማህደር» አለች። «ላንቺ ብዬ ነው። እንዳይነካሽ ብዬ ነው።» አልጋው ተንቋቋ። «ፊልም መሆኑን አላወቅሁም። ለራሱ የመረቅሁት መስሎኝ… እሱም አልቅሷል እኮ።» ይህን ስትል ቃሏ ራሷን አሳፈራትና ተወችው።

ማህደር ከወዲያ ተናገረች፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ከእኔው ጋር ሁለት ድምፅ ይበቃኝ ነበር እማዬ። አንድ ሰው ቢደግፈኝ ይቀርባል፣ ከቀረበ ይጠየቃል። ከእንግዲህ ማንም አይጠይቀውም። እኔንም አይነኩኝም፤ አትፍሪ። ምን ብለው ይነኩኛል?»

ይኸው ነበር የፈለገችው። ልጇን አይነኩባትም። የሺሃረግ ይህንን ሰምታ ደስ ሊላት ሞከረ፤ ደስታው የት እንደሚገኝ ፈልጋ አጣችው።

ፀሐይ ከዛፎቹ ጀርባ ስትወርድ ትርፌ መጣች። በጓሮ አልመጣችም፤ በፊት ለፊት በር፣ እንደ እንግዳ። ጥቁሯን ብቻ ነው የለበሰችው። ነጠላው በአራት ታጥፎ በሁለት መዳፏ ላይ ነበር።

«እማማ፣ ነጠላዎ።»

«ግቢ እንጂ ትርፌ። ግቢና ቁጭ በይ።»

«ልመለስ። አላጠብኩትም፣ አልቆሸሸም። ቁጭ ብዬ ነው የዋልኩት።»

የሺሃረግ ተቀበለቻት። ጨርቁ አሁንም የሰው ሙቀት አለው። ይቅርታ የሚል ቃል አፏ ላይ ነበር፤ ከአፏ ሲወጣ ግን ሌላ ሆነ። «ልጄን ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ትርፌ። እውነትም ታውቃለች፤ ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም። ልትሄድ ዞር ብላ፣ እንደገና ዞረች። «ምርቃትዎ በማይክራፎን ሲሰማ ያምራል እማማ። ቃል በቃል ያው ነው አይደል? ቤኪም ወደ ኬላው የሄደ ዕለት እዚችው በር ላይ መርቀውታል። እኔ ከዚያ ጥግ ቆሜ ሰምቻለሁ። በእግርህ ተመለስ ብለውት ነበር።»

ከዚያ ሄደች። በየድንጋዩ ላይ እየረገጠች፣ ጭቃው እንዳይነካት ሳይሆን ከልማድ። የሺሃረግ ነጠላውን ደረቷ ላይ ይዛ ቀረች። ያን ጠዋት አስታወሰችው፤ የቤኪ ፀጉር በዝናብ ርሶ ነበር፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ነበር። እስከ አሁን አንድም ቀን አላስታወሰችውም ነበር።

ማህደር ከወዲያ ወጣች። ኮቷን አውልቃ የቤት ሹራቧን ለብሳለች። ዓይኗ አብጧል። «ትርፌ ጋ ነኝ» አለች። «ዮሃና ስትነሳ ወተቷን አሙቂላት።»

በሩ ጋ ስትደርስ ከልማድ ቆመች። ከልማድም አንገቷ ትንሽ ዝቅ አለ፤ ፈልጋ ሳይሆን የአርባ ዓመት አንገት የሚያውቀውን ሲያደርግ። የሺሃረግም እጇ ተነሳ። ነጠላውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መዳፏን ወደ ልጇ ፀጉር ዘረጋች፣ አፏን ከፈተች። ከፊትሽ ይቅደም የሚለው መጣ፤ ከኋላው ጆሮዋ ውስጥ ድንኳኑ «አሜን!» አለ። የያዝሽው ይለምልም የሚለው መጣ፤ ድንኳኑ «አሜን!» አለ። የራሷ የሆነችውን ቃል ፈለገቻት። ቤኪ በሄደ ዕለት እንደቆመችው፣ ትርፌ ከዚያ ጥግ ቆማ የምትሰማ መሰላት።

እጇ የልጇ አናት ላይ ሳያርፍ ቆየ። ማህደር ጠበቀቻት። ጠበቀቻትና ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ጭቃ ነው» አለቻት እናቷ። «እያየሽ ሂጂ።»